«ሾተላይ አለባት» ለተባለች እኅት

ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ተረፈ። ከእነዚህ ስሞች አንዱን የያዘ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ስሞቹ ደስ ይላሉ። ነገር ግን ካሣ የማን ካሣ ነው? ምትኩስ በማን ምትክ መጣ? ከብዙዎቹ በስተጀርባ ተወልዶ ያልቆየ ወይም ሳይወለድ የቀረ ሌላ ሕፃን አለ። እናቶቻችን ለዚህ ተደጋጋሚ ሐዘን አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ሾተላይ»።

ሾተላይ ሴቲቱን ተከትሎ ልጆቿን የሚወስድ መንፈስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በብራና የተጻፉ የክታብ ጸሎቶች በስሙ ጠርተው ይገዝቱታል፤ ሕፃናትን ስለምትገድለው ስለ ውርዝልያና ስለ ሱስንዮስ የሚነገረው ታሪክም በእነዚሁ ክታቦች ውስጥ ይገኛል። መንፈሱን ለማታለል ሕፃኑን ለጎረቤት በጥቂት ሳንቲም «መሸጥ»፣ ጆሮውን መብሳት፣ የማያምር ስም ማውጣት የተለመደ ነበር። ዛሬም መርካቶ ውስጥ የባሕል መድኃኒት ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ዘንድ ቆም ብላችሁ «ለሾተላይ የሚሆን» ብትሉ ሻጩ ምን ማለታችሁ እንደሆነ አይጠይቃችሁም።

እኛ አማኞችስ? ክታቡን ጥለናል። ሐሳቡን ግን ሁላችንም ጥለነዋል ለማለት ያስቸግራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ፅንስ የጠፋባትን እኅት «የዘር መንፈስ ነው»፣ «ከእናትሽ የወረስሽው እርግማን ነው» የሚሏት ቅን ሰዎች በጉባኤያችን መካከል አሉ። ባልዋም ሲሰማ ይሰነብትና ልቡ ይሻክራል፤ ቤተሰቡ ይገፋፋዋል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የጠየቁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ኃጢአት የሠራው ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ የመለሰላቸውን ታውቃላችሁ።

ለመሆኑ የሕክምና ሰዎች ዛሬ «ሾተላይ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ደም ተቀድቶ በጠርሙስ ቢቀመጥ ከታች ቀዩ ይዘቅጣል፤ ከላይ ፕላዝማ የሚባለው ቢጫማ ውሃ ይቀራል። ቀዩ ክፍል በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቀይ የደም ሕዋሳት አሉት። በእያንዳንዱ ሕዋስ ላይ እንደ ፋብሪካ ማኅተም ያሉ ምልክቶች አሉ። ካርል ላንድስታይነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በቪየና ከተማ ከእነዚህ ምልክቶች ዋና ዋናዎቹን ለየ፤ ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው የደም ዓይነቶች የመጡት ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 እርሱና አሌክሳንደር ዊነር ሌላ ምልክት ይፋ አደረጉ፤ ሬሰስ ከተባለች የጦጣ ዝርያ ጋር በተያያዘ ሙከራ ስላገኙት «አር ኤች» ተባለ። ከአር ኤች ምልክቶች ዋናው «ዲ» ይባላል። ዲ ያለበት ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለበት ኔጋቲቭ ነው። ካርዳችሁ ላይ «ኦ ፖዘቲቭ» ወይም «ኤ ኔጋቲቭ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለተኛው ቃል የሚናገረው ስለዚህ ነው።

በአገራችን አር ኤች ኔጋቲቭ የሆኑት ከመቶ ሰው አሥር አይሞሉም። በአውሮፓውያን ዘንድ ወደ 15 ይደርሳሉ። ጥቂት ናቸው ብለን እንዳናልፈው፤ እሑድ ጠዋት አዳራሹን ከሚሞሉት እኅቶች መካከል ተቆጥረው የሚገኙ ናቸው። ኔጋቲቭ መሆን ደግሞ በሽታ አይደለም። ሴቲቱ እስክታረግዝ ድረስ ምንም አይሰማትም።

ችግሩ የሚመጣው እናት ኔጋቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሆነው ሕፃኑ የአባቱን ሲወርስ ነው። የእናትና የልጅ ደም በእርግዝና ጊዜ አይቀላቀልም፤ የእንግዴ ልጁ በመካከላቸው እንደ ግድግዳ ቆሟል። በወሊድ ሰዓት ግን ጥቂት የሕፃኑ ደም ወደ እናት ይሾልካል። እዚህ ላይ የእናቲቱን የበሽታ መከላከያ ኃይል እንደ መርካቶ ዘበኛ አስቡት። ዘበኛው የተራውን ሰው ሁሉ በመልክ ያውቃል፤ ዲ የሚባል ምልክት የለበሰ ሰው ግን አይቶ አያውቅም። «ሌባ!» ብሎ ይነሣል። በመጀመሪያው ቀን ዝግጁ ስላልሆነ ዱላው እስኪመጣ ሕፃኑ ተወልዶ ወጥቷል። ለዚህ ነው በኵሩ አብዛኛውን ጊዜ በደኅና የሚያድገው። ዘበኛው ግን የዚያን እንግዳ መልክ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም።

ሁለተኛው ፅንስ ያው ምልክት ይዞ ሲመጣ አንቲቦዲ የሚባሉት የመከላከያ ንጥረ ነገሮች በፕላዝማው ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። እነዚህኞቹ የእንግዴ ልጁን ግድግዳ ማለፍ የሚችሉት ዓይነት ናቸው። አልፈው የሕፃኑን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ሕፃኑ ደሙ ያንሳል፤ ልቡ ይደክማል፤ ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ ሊያብጥና በማኅፀን ሳለ ሊሞት ይችላል። በሕይወት ቢወለድም ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቢጫ ቀለም ወደ አንጎሉ ገብቶ ለዘላቂ ጉዳት ሊዳርገው ይችላል። ሦስተኛው ላይ ብዙውን ጊዜ ይብሳል።

አሁን የድሮዎቹን ሰዎች ትዝብት መልሳችሁ ተመልከቱ። «የመጀመሪያው ቆመላት፣ ከዚያ ወዲያ ግን አልበረከተላትም» ይሉ ነበር፤ ትክክል ነበሩ። «ሌላ ባል ስታገባ ልጆቿ ቆሙ» ይሉም ነበር፤ ሁለተኛው ባል ኔጋቲቭ ከሆነ እውነት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ባል ኔጋቲቭ ሚስቱን ፈትቶ ፖዘቲቭ ሴት ሲያገባ ልጆቹ ሁሉ ደኅና ሆነው መወለዳቸው ነው። «አላልኳችሁም? ችግሩ ከእርስዋ ነበር» ያሰኘዋል፤ ደሙ ግን የሁለቱ ነበር። በአንጻሩ አባትየው ከእናትና ከአባቱ አንድ አንድ የተለያየ ውርስ የያዘ ፖዘቲቭ ከሆነ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ኔጋቲቭ የመሆን ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ እንዲህ ያለውን ፅንስ አንቲቦዲው አይነካውም። ስለዚህ ክታብ ያሰረችም፣ ወደ ነፃ ማውጣት አገልግሎት የሄደችም አንዳንዴ ጤነኛ ልጅ ታቅፋ ትመለሳለች። እግዚአብሔር ጸሎትን ይሰማል፤ ይህን የሚጽፈውም ሰው ያምናል። ነገር ግን በምስክርነቱ ሰዓት «መድኃኒቱ አያስፈልግም» የሚል ቃል ሲታከልበት የሚቀጥለው ሕፃን ዋጋ ይከፍላል።

ምሥጢሩ የተገለጠበት መንገድም የባልና ሚስት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በኒው ዮርክ ስለ አንዲት እናት ጻፉ። የሞተ ሕፃን ወልዳ ብዙ ደም ስለፈሰሳት የባልዋ ደም ተሰጣት፤ ወዲያው ሰውነቷ ክፉኛ ተቃወመ። ሐኪሞቹ ሲያስቡት ፅንሱ ከአባቱ የወረሰው ነገር እናቱን አስቆጥቷታል፤ አሁን ያው ነገር በባልዋ ደም በኩል ሲመጣ ሰውነቷ አወቀው። ወንዶች ሆይ፣ ለሚስቱ ደሙን የሚሰጥ ባል ፍቅሩ ያስመሰግነዋል፤ ገና ለምትወልድ ሴት ግን የባልዋ ደም አይመከርም። ለደም ባንክ ስጡ፤ ለእርስዋ የሚስማማውን ባንኩ ይመርጥላታል።

ከዚያ በኋላ ሰላሳ ዓመት ሳይሞላ መከላከያው ተገኘ። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል እነ ሲረል ክላርክና ሮናልድ ፊን፣ በኒው ዮርክ ደግሞ ፍሬዳ፣ ጎርማንና ፖላክ የደረሱበት ሐሳብ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ እናቲቱ የራስዋን አንቲቦዲ እንዳትሠራ ከሌላ ሰው የተወሰደ ጥቂት አንቲቦዲ መስጠት። የተሰጣት አንቲቦዲ ሾልከው የገቡትን የሕፃኑን ሕዋሳት ዘበኛው ሳያያቸው ጠርጎ ያስወጣቸዋል። ያላየውን ደግሞ አያስታውስም። መርፌው «አንቲ ዲ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ለሕዝብ ተፈቀደ። ጥበቃ ካልተደረገላቸው ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጋቲቭ እናቶች መካከል ከመቶ ወደ 16 የሚሆኑት አንቲቦዲ ይሠሩ ነበር፤ ከወሊድ በኋላ መርፌው ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ አንድና ሁለት ወረደ፤ በሰባተኛው ወር መጀመሪያ፣ ማለትም በ28ኛው ሳምንት፣ አንድ ተጨማሪ መርፌ ሲሰጥ ደግሞ ከመቶ ከአንድ በታች ሆነ።

ይህ መድኃኒት በፋብሪካ ተቀምሞ የሚወጣ ኬሚካል አይደለም። ከሰው ፕላዝማ ይወሰዳል። ጄምስ ሃሪሰን የተባለ አውስትራሊያዊ በ14 ዓመቱ ደረቱን ሲቀደድ የሌሎች ሰዎች ደም አዳነው፤ እርሱም 18 ዓመት ሲሞላው መስጠት ጀመረ። ደሙ በአንቲ ዲ የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። 81 ዓመት ሞልቶት እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪያቆም ድረስ 1,173 ጊዜ ሰጠ። የአውስትራሊያ ቀይ መስቀል በእርሱ ፕላዝማ የተጠበቁት ሕፃናት ወደ 2.4 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ነፍሰ ጡር እኅት ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከሚደረጉላት ምርመራዎች አንዱ የደም ዓይነት ነው። ውጤቱ ካርዷ ላይ ይጻፋል። ብዙዎች ግን ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል እንጂ አያነቡትም። ኔጋቲቭ የሚል ካለበት ባልየው ይመርመር። እርሱም ኔጋቲቭ ከሆነ በዚህ በኩል ስጋት የለም። ፖዘቲቭ ከሆነ ለእናቲቱ «ኩምብስ» የሚባል ምርመራ ይታዘዝላታል፤ አንቲቦዲው አስቀድሞ ተሠርቶ እንደሆነ የሚያሳየው እርሱ ነው። ካልተሠራ መርፌው ይጠብቃታል። ከተሠራ ግን መርፌው አይጠቅማትም፤ ዘበኛው አንዴ ካየ የሚያስረሳው የለም። እንዲህ ያለችው እኅት ሌላ ዓይነት ክትትል ያስፈልጋታል፤ እመለስበታለሁ።

ሕፃኑ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ይወሰዳል። ፖዘቲቭ ከሆነ እናቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋለች። የ72 ሰዓቱ ልክ አመጣጡ ያስገርማል፤ የኒው ዮርኮቹ ተመራማሪዎች ሙከራውን ያደረጉት በሲንግ ሲንግ እስር ቤት ፈቃደኛ በሆኑ እስረኞች ላይ ነበር፤ የእስር ቤቱ ሹማምንት ደግሞ በሦስት ሦስት ቀን ብቻ እንዲገቡ ፈቀዱላቸው። ስለዚህ ሦስቱ ቀን ቢያልፍ ጭራሽ አይተው፤ እስከ አሥር ቀን ድረስም ቢሆን ጥቅም ስላለው ሐኪም ይጠየቅ። የሚሻለው ግን በጊዜው መሆኑ አይካድም።

ለመርካቶ ቤተሰብ እነዚህ ሦስት ቀናት አጭር ናቸው። መርፌው ውድ ነው፤ በየጤና ጣቢያውም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ አባትየው ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። በወሊድ ማግስት፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ኪሱ ተራቁቶ። ስለዚህ ሚስትህ ኔጋቲቭ መሆኗን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ የመርፌውን ገንዘብ ለይ። የዕቁቡን ዕጣ ለመጋዘን ኪራይ ከማዋልህ በፊት ይህን አስብ። የት እንደሚገኝ በስምንተኛው ወር ጠይቅ። እባክህ ደግሞ ከየትም አትግዛ! አንቲ ዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ መርካቶ ሁሉ ነገር ይገኛል ማለት ሁሉ ነገር እንደሚገባው ተቀምጦ ይገኛል ማለት አይደለም። ከሻንጣ ወጥቶ በቅናሽ የሚሸጥ ብልቃጥ ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አይመሰክርልህም።

ብዙ የመርካቶ ነጋዴዎች ሚስቶቻቸውን ለአራስነት ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደየትውልድ ቀያቸው ይልካሉ። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ የእናት ቤት ገንፎ የሚተካው የለም። ኔጋቲቭ የሆነች ሴት ግን መርፌው ባለበት ሆስፒታል ወልዳ፣ ተወግታ፣ ከዚያ ብትሄድ ይሻላል። ገንፎው ይጠብቃል።

አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ በደፈናው ማለፍ አይገባም። የሕፃኑ ደም ወደ እናት የሚሾልከው በወሊድ ብቻ አይደለም። ፅንስ ሲወርድ፣ ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሲያርፍ፣ በእርግዝና ጊዜ ደም ሲፈስ፣ በግርግሩ መካከል የሸክም ጋሪ ሆዷን ሲገፋት ወይም በደረጃ ስትወድቅ ሊሾልክ ይችላል። በእነዚህ ጊዜያትም ሐኪም አንቲ ዲ ሊያዝ ይችላል። እንግዲህ ወደ ጌታ ከመምጣቷ በፊት፣ ወይም ከመጣች በኋላ፣ ፅንስ ያስወረደችና ለማንም ያልነገረች እኅት ብትኖር፣ «የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው» ብላ ካርዱ ላይ ታስጽፋለች። ሐኪሙም በዚያ ተማምኖ ይረጋጋል። እኅቴ፣ ለማን መናዘዝ እንዳለብሽ በሌላ ጊዜ መነጋገር ይቻላል። ለሐኪሙ ግን ዛሬ ንገሪው፤ ሌላ ሰው በሌለበት ልታነጋግሪው መጠየቅ መብትሽ ነው። የሙያ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አሁን በማኅፀንሽ ያለው ልጅ ደኅንነት የሚወሰነው በዚያ እውነት ላይ ሊሆን ይችላል።

አንቲቦዲው አስቀድሞ ለተሠራባት እናትስ? በአባቶቻችን ዘመን እዚህ ላይ ወሬው ያበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ዊሊያም ላይሊ የተባለ ሐኪም በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ከተማ በማኅፀን ላለ ፅንስ ደም ሰጠ፤ ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ተሳክቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ የፅንሱን አንጎል ከሚያጠጣው የደም ሥር የደሙን ፍጥነት ይለካሉ፤ ደም ያነሰው ፅንስ ደሙ ቀጥኖ ይፈጥናል። ማነሱ ከታወቀ በቀጭን መርፌ በእናቲቱ ሆድ በኩል በእትብቱ የደም ሥር ኦ ኔጋቲቭ ደም ይሰጣል። እንደ አስፈላጊነቱም በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል። ይህን ለማግኘት ድሮ ባሕር መሻገር የግድ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የእናትና ፅንስ ሕክምና ባለሙያዎች ሲሠሩት ቆይተዋል። «ሾተላይ አለብሽ» የተባልሽና ልጆች የቀበርሽ እኅት ብትኖሪ የሚቀጥለው እርግዝና ሳይገፋ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ወደዚያ የሚያደርስ የሪፈር ወረቀት ጠይቂ።

በሌላው ዓለም ደግሞ የፅንሱን ደም ዓይነት ማኅፀን ሳይነኩ ማወቅ ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በእናት ፕላዝማ ውስጥ የፅንሱ ዘረ መል ፍርፋሪ ተንሳፎ እንደሚገኝ አሳዩ። እንደ ዴንማርክና ኔዘርላንድ ባሉ አገሮች ከኔጋቲቭ እናት ክንድ ጥቂት ደም ተወስዶ ሕፃኑ ፖዘቲቭ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል፤ ኔጋቲቭ ከሆነ መርፌው ይቀርላታል። በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ምርመራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ ጥቁር አፍሪካውያን ኔጋቲቮች የዲ ዘረ መል አላቸው፤ ነገር ግን ዘረ መሉ ተበላሽቶ አይሠራም፤ ለአውሮፓውያን የተሠራ ምርመራ ሊሳሳትበት ይችላል።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ዓይኑና ቆዳው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢጫ ከሆነ «ፀሐይ እናሙቀው» ብላችሁ ደጅ አትቀመጡ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ቢጫነት የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ በልዩ መብራት ይታከማል፤ ከባሰም ደሙ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ሁሉን ነገር በአር ኤች ማመካኘትም ልክ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ቂጥኝና ሌሎችም ምክንያቶች ፅንስ ያጠፋሉ። ፖዘቲቭ የሆነች እናት ልጆች ከጠፉባት ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ስለ እጮኛሞች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አጥቢያዎች ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ በዚያው መንገድ የደም ዓይነትም ቢታይ መልካም ነው። ነገር ግን «ደማችን አልተስማማም» ብለው ቀለበት የሚመልሱ አሉ ሲባል ይሰማል። ይህ ፍጹም አያስፈልግም! እርስዋ ፖዘቲቭ፣ እርሱ ኔጋቲቭ ከሆኑ ምንም ችግር የለም። እርስዋ ኔጋቲቭ፣ እርሱ ፖዘቲቭ ቢሆኑም የሚያስፈልጋቸው በእያንዳንዱ እርግዝና የማይረሳ መርፌ ነው እንጂ ሌላ እጮኛ አይደለም። የሽማግሌዎች ጉባኤም በዚህ ምክንያት ጋብቻ የሚያዘገይበት ነገር የለውም።

ኦ ኔጋቲቭ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ግን በቁጥር ጥቂት ናችሁና ትፈለጋላችሁ። በማኅፀን ላለ ፅንስም፣ ደም ለሚለወጥለት አራስም የሚሰጠው በአብዛኛው የእናንተ ደም ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። አጥቢያችሁ የደም ልገሳ ቀን ካዘጋጀ የደም ባንክ ሠራተኞች አልጋቸውን ይዘው ግቢያችሁ ድረስ ይመጣሉ።